የህንድ ራጋ በብራስ፣ ከጠረጴዛ ጨዋታ ጋር፦ አምስት ነፊዎች ምን ይንፉልን?

ሦስት_ዳይስ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ማታ አራት ሆነን እኔ ቤት እንጫወታለን፤ ቡናው ይፈላል፣ ቆሎው ይቀርባል፣ ሰሌዳው ይዘረጋል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከጠረጴዛው የማይነሣው ራጃስ ኦፍ ዘ ጋንጅስ ነው።

ለማያውቀው ባጭሩ ልንገረው። ኢንካ ብራንድና ማርኩስ ብራንድ የሚባሉ ጀርመናውያን ባልና ሚስት የሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጨዋታ ነው። ዘመኑ ህንድን የገዙት የሙጋል ነገሥታት ዘመን ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ግዛት ያለማል፤ ገበያ ያቆማል፣ ሕንፃ ይሠራል፣ በወንዙ ላይ ጀልባውን ያስኬዳል። ዳይሱ እንደ ሉዶ እየተጣለ ብቻ የሚያልፍ አይደለም፤ ያገኘኸውን ዳይስ ካሊ በምትባለው የህንድ አምላክ ምስል ላይ አስቀምጠህ እንደ ገንዘብ ታወጣዋለህ። ከሁሉ የሚገርመኝ አጨራረሱ ነው። በሰሌዳው ዳር የገንዘብና የዝና መንገድ አለ፤ ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳሉ። የአንድ ተጫዋች ሁለት ምልክቶች የተገናኙ ጊዜ ጨዋታው ማለቂያው ላይ ደረሰ ማለት ነው።

ጥያቄዬ ሙዚቃው ላይ ነው። መጀመሪያ ከኢንተርኔት አንድ የሲታር (የህንድ ባለ ክር መሣሪያ) ስብስብ ከፈትኩ፤ ያው በያው ሆነብን፣ ከጓደኞቼ አንዷ ተነሥታ አጠፋችው። ቀጥዬ የህንድ የብራስ (የናስ ትንፋሽ መሣሪያ) ባንዶች አገኘሁ። ብሩክሊን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 የተመሠረተው ሬድ ባራት፣ ከራጃስታን ደግሞ ጃይፑር ካዋ ብራስ ባንድ። እንዲህ ደስታ የሞላበት ሙዚቃ ሰምቼ አላውቅም! ጠረጴዛው ላይ ግን አልሆነም። ሰው ዳይሱን ትቶ ትከሻውን መስበቅ ጀመረ፣ ሳንቲም ቆጣሪው ሦስት ጊዜ ተሳሳተ፣ ጨዋታውን ሳንጨርስ ተበተንን።

አሁን ሌላ ዕድል መጥቶልኛል። ከአራታችን አንዱ ትራምፔት ይነፋል። ከእሱ ጋር አንድ ሌላ ትራምፔት፣ ፍሬንች ሆርን፣ ትሮምቦንና ቱባ የሚነፉ ጓደኞች አሉት። ከህንድ ራጋ (ከባህላዊ የዜማ ሥርዓታቸው) የተነሣ፣ ግን ለጎዳና ሳይሆን ለእልፍኝ የሚሆን ሙዚቃ ቀድተው ሊሰጡን ተስማምተዋል። «ምን እንንፋላችሁ?» ሲሉኝ መልስ አጣሁ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏቸዋላችሁ?

የዴራ_ልጅ

ሰላም ወንድሜ። እኔ ዱባይ ሆቴል ውስጥ በግብዣ ክፍል ነው የምሠራው፤ የህንድ ሰርግ ብዙ አይቻለሁ። ባራት ማለት የሙሽራው አጀብ ነው። ሙሽራው በፈረስ ይመጣል፣ ዘመድ ከፊቱ እየጨፈረ ይመራዋል፣ ዶል የሚሉት ከበሮ ይመታል። በአገራቸው ከሆነ ሙሉ ባንድ አለ፤ ትራምፔቱ፣ ዩፎኒየሙ፣ ክላርኔቱ፣ ሳክስፎኑ።

አብሮኝ የሚሠራ ከህንዷ ሜሩት ከተማ የመጣ ሰው አለ። ሜሩት ውስጥ ጃሊ ኮቲ የሚባል ሰፈር አላቸው፤ የባንድ መሣሪያ የሚቀጠቀጠውና የሚሸጠው እዚያ ነው። አጎቱ ባንድ ውስጥ ነበሩ። ሥራው ወቅት አለው ይላል፤ ለጋብቻ መልካም ነው የተባለው ቀን ሲመጣ በአንድ ምሽት ሁለት ሦስት ሰርግ ይሮጣሉ፣ ወቅቱ ሲያልፍ ሌላ ሥራ ይፈልጋሉ። አንድ ነገር አልረሳውም፤ «እኛ የምንነፋው በመኪና ጡሩምባ ላይ ነው» አለኝ። መንገድ ተዘግቶ፣ ሹፌሩ እየጮኸ፣ የሙሽራው ደስታ ከዚያ ሁሉ በላይ መሰማት አለበት።

ስለዚህ ድምፁን ቀንሰህ ብትከፍተው አይበቃም። ዝቅ ብሎም ቢሆን ያ ሙዚቃ «ውጡ፣ ጨፍሩ» ነው የሚላችሁ። ተቀምጠው ለሚያስቡ ሰዎች ከመጀመሪያው ተቀምጦ የተጻፈ ነገር ያስፈልጋል። አምስቱ ልጆች ያሉህ ጥሩ ነው።

ታሪክ_ፈላጊ

ከመቀጠላችን በፊት አንድ ነገር ላንሣ፤ ለምርጫው ይጠቅማልና። የሰርግ ባንዱ የመጣው ከእንግሊዝ ጦር ባንዶች ነው። ጨዋታው ደግሞ የሙጋል ዘመን ነው። እንግዲህ ትራምፔትና ቱባ እዚያ ምን ይሠራሉ? ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። እኔም ጠይቄ ነበር።

መልሱን ያገኘሁት በሙጋሉ ንጉሥ በአክባር ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። አክባር ከ1556 እስከ 1605 ነግሧል። ጸሐፊው አቡል ፈዝል አይኒ አክባሪ በተባለው መጽሐፉ የንጉሡን ናቃራ ኻና (የከበሮና የመለከት ቤት) አንድ በአንድ ቆጥሮ ጽፎታል። ናቃራ የተባለው ከበሮ ወደ 20 ጥንድ ነበር። ካርና የሚባለው ረጅም መለከት ከወርቅ፣ ከብር፣ ከናስና ከሌላም ማዕድን ይሠራል፤ ሲነፋ ከአራት አያንስም። ሲንግ የሚሉት ደግሞ የላም ቀንድ ቅርጽ ያለው የናስ መሣሪያ ነው፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ይነፋል። አክባር ራሱ ናቃራ አሳምሮ ይመታ ነበር ይላል።

ይህን ሳነብ ነጋሪት፣ እምቢልታና መለከት ትዝ ያለኝ እኔ ብቻ አልሆንም። ናቃራና ነጋሪት ስማቸው ይቀራረባል እንጂ የቃላቱ ምንጭ አይገናኝም፤ የእነሱ «መታ» ከሚለው ዓረብኛ ነው የወጣው፣ የእኛ «ነገረ» ከሚለው ግዕዝ። አገልግሎታቸው ግን አንድ ነው፤ ንጉሥ መነሣቱን፣ መግባቱን፣ አዋጅ መኖሩን ሕዝቡ የሚያውቀው በእነሱ ነው።

እና ሌላም ነገር አለ። ናቃራ ኻናው በር ላይ ያለ ሰገነት ነው። በአክባር ከተማ በፋቴፑር ሲክሪ ያለው እስከ ዛሬ ቆሟል። ነፊዎቹ እዚያ ላይ ሆነው በታወቀ ሰዓት ይነፋሉ፤ ከተማው ሰዓቱን ከእነሱ ይሰማል። በዚያው ግቢ ውስጥ መሬቱ ላይ የተነጠፈ የፓቺሲ ሰሌዳ አለ፤ ሉዶ የተወለደው ከፓቺሲ ነው። ጨዋታና መለከት ጎን ለጎን የኖሩበት ቦታ ነው። ስለዚህ፣ ሦስት ዳይስ፣ ለልጆቹ «ንፉ» በላቸው። አጀቡን ሳይሆን ሰገነቱን ይንፉ።

ሦስት_ዳይስ

ይህን አላውቅም ነበር። ከአራት አያንስም መባሉ ራሱ ደስ አለኝ፤ አምስት አሉኝ። ግን ወደ ተግባሩ ልመለስ። ሲታርና ሺህናይ (የህንድ የትንፋሽ መሣሪያ) የሚያደርጉትን የድምፅ መንሸራተት ቁልፍ ያለው ትራምፔት እንዴት ያደርገዋል? ከበስተጀርባ ሁልጊዜ የሚሰማውን የታንፑራ፣ የዚያን ባለ ክር መሣሪያ፣ ድምፅስ ማን ይይዘዋል?

ጡረተኛው_ነፊ

ልጆቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። እኔ በወታደር ማርሽ ባንድ ውስጥ 22 ዓመት ትሮምቦን ነፍቻለሁ። የህንድ ሙዚቃ አዋቂ አይደለሁም፤ ብራስ ግን አውቃለሁ፣ ስለዚህ በማውቀው ልርዳችሁ።

ከታንፑራው እንጀምር። ታንፑራ ሳ እና ፓ ይይዛል፤ በእኛ አነጋገር መነሻውንና አምስተኛውን። ቱባው ሳ ይያዝ፣ ሆርኑ ፓ ይያዝ። ችግሩ ትንፋሽ ነው። ታንፑራ አይተነፍስም፣ ሰው ይተነፍሳል። ሁለቱ አብረው ከተነፈሱ ወለሉ ከሥር ይጠፋል፤ ሰሚው ምን እንደሆነ ባያውቅም ይሰናከላል። ተራ በተራ፣ አንዱ ሌላውን እያዳመጠ ይተንፍስ። ከባር መስመር ላይ አይተንፍሱ፤ መሐል ላይ፣ ማንም በማይጠብቅበት። ይህ ልምምድ ይፈልጋል፣ ግን ሁለት ቅዳሜ ይበቃዋል።

መንሸራተቱን በተመለከተ እነሱ ሚንድ ይሉታል። ከአምስቱ መሣሪያዎች ለዚህ የተፈጠረ የሚመስለው ትሮምቦን ነው፤ ልክ እንደ መሲንቆ ጣት የሚያርፍበት የተከለለ ቦታ የለውም። ነገር ግን ወሰን አለው። ስላይዱ ሰባት ቦታ ነው ያለው፤ ከአንደኛው እስከ ሰባተኛው ስድስት ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ለመንሸራተት ከንፈር መቀየር አለበት፣ ከንፈር ሲቀየር ዜማው ይሰበራል። ዜማ የሚጽፈው ልጅ ይህን ካላወቀ ትሮምቦኑን ያሳዝነዋል። ረጅሙን ሚንድ ከሲ ቤሞል (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሲ) ወደ ታች እስከ ሚ ውስጥ ያስቀምጠው፤ ያ ከአንደኛው እስከ ሰባተኛው ሙሉውን ስላይድ ነው። ሳውንም ሲ ቤሞል ላይ ቢያደርጉት ለትራምፔቱም ለትሮምቦኑም እጅና ከንፈር ይቀላል።

ትራምፔቱ ቁልፉን ግማሽ ጫን በማድረግ ትንሽ መንሸራተት ይችላል። ትንሽ ነው ያልኩት፤ ሲበዛ የሚያለቅስ ድመት ይመስላል። ሚዩት (አፉ ላይ የሚገባ የድምፅ ማፈኛ) ይግባበት። ዋንጫ ቅርጽ ያለው ሚዩት ድምፁን ያለዝበዋል፣ ከሰው ንግግር ጋር አይጋፋም።

ሌላው ነገር ድምፅ መቀነስ ነው። ብዙ ሰው ብራስን ዝቅ አድርጎ መንፋት ቀላል ይመስለዋል። ከፎርቴ (ጮክ ብሎ ከመንፋት) ፒያኖ (ዝቅ አድርጎ መንፋት) ይከብዳል! ሰልፍ ላይ ሳንባህን ትከፍታለህ፣ ያልፋል። እልፍኝ ውስጥ ግን አየሩን ሳትቀንስ ድምፁን መቀነስ አለብህ፤ አየሩ ካነሰ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። አለቃችን «ሕፃን የተኛበት ቤት ነው ብላችሁ ንፉ» ይሉን ነበር። ለልጆቹ ይህን ንገርልኝ።

ወለተ_ቅኝት

ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ፤ ዕድሜ ይስጥልን። ስለ ትንፋሹ የጻፉትን ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ።

እኔ ስለ ራጋው ልጨምር። ሦስት ዳይስ፣ ራጋ ስትመርጡ መጠንቀቅ ያለባችሁ አንድ ነገር አለ፤ አንዳንዱ ራጋ ለእኛ ጆሮ የህንድ ሆኖ አይሰማም። ቡፓሊ የሚባለውን ውሰዱ፤ ሳ፣ ሬ፣ ጋ፣ ፓ፣ ዳ። ከዶ ብንነሣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናል። ይህ የእኛ ትዝታ ሜጀር ነው! ጉንካሊ የሚባለውን ብትወስዱ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው፤ አምባሰል። ደቡብ ህንዶች ጋምቢራናታ የሚሉት ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ደግሞ ባቲ ሜጀር ነው። መጀመሪያ ፒያኖ ላይ ሳገኛቸው ክፍሉን ዘግቼ ነበር ደጋግሜ የተጫወትኳቸው።

ድምፆቹ አንድ ናቸው ማለት ግን ራጋውና ቅኝቱ አንድ ናቸው ማለት አይደለም። ራጋ ከድምፆቹ በላይ አካሄድ አለው፤ የት ማረፍ እንዳለበት፣ በየትኛው ድምፅ ላይ ደጋግሞ መመለስ እንዳለበት። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ እዚያው ህንድ ውስጥ አለ። ቡፓሊና ዴሽካር አምስቱም ድምፆቻቸው አንድ ናቸው። ቡፓሊ ጋ ላይ ያርፋል፣ የምሽት ነው። ዴሽካር ዳ ላይ ያርፋል፣ የጠዋት ነው። ለእነሱ ሁለት የተለያዩ ፍጥረቶች ናቸው።

ለምሽት ጨዋታ የኔ ምርጫ ያማን ነው። የመጀመሪያ ሌሊት ራጋ ነው፤ ሰባቱም ድምፅ አለው፣ አራተኛው ግን ከፍ ያለ ነው፣ ማለትም ፋ ዲዬዝ። ያ ድምፅ በትዝታም በአምባሰልም ውስጥ ስለማይመጣ ጆሮው ወደ ሠፈሩ አይመለስም፤ እዚያው ወንዙ ዳር ይቆያል። ሌሊቱ ከገፋ ደግሞ ዳርባሪ አለ። ዳርባር የቤተ መንግሥት ሸንጎ ነው፤ ዝግ ያለና ግርማ ያለው ነው፣ ለትሮምቦንና ለቱባ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ባይራቪ። ባይራቪ የጠዋት ራጋ ነው፣ ነገር ግን በልማድ የሙዚቃ ዝግጅት የሚዘጋው በእሱ ነው። ነጥብ ስትቆጥሩ እሱ ይሰማ።

የዴራ_ልጅ

ወለተ ቅኝት እህቴ፣ ትዝታ መሆኑ ለምን ይጠላል? እኔ ብሆን በቡፓሊ ነበር የማስጀምረው። የራሳችንን ዜማ በሰው አገር ልብስ ማየት ደስ ይላል እኮ።

ወለተ_ቅኝት

አልጠላሁትም። የፈራሁት ሰዎቹን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ቡና ተፈልቶ ትዝታ በትሮምቦን ከተነፋ ማን ስለ ቅመም ገበያ ያስባል? አንዱ አንገቱን ይደፋል፣ ሌላው ማንጎራጎር ይጀምራል። ለሌላ ምሽት ይሁን እንጂ ለዚህ ጨዋታ አይሁን።

ገበጣ_ወዳድ

ከሁለታችሁም ትንሽ እለያለሁ። ራጋው የቱም ይሁን፣ ጨዋታው ከሙዚቃው የሚፈልገው ሥዕል አይደለም። ሥዕሉ ሰሌዳው ላይ አለ፤ ቤተ መንግሥቱ ተሥሏል፣ ጀልባው አለ፣ ካሊ አለች። ሙዚቃው ደግሞ «ህንድ፣ ህንድ» ብሎ ቢደግመው ምን ይጨምራል? የጎደለው ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ዙር እና የመጨረሻው ዙር በፍጹም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ሰሌዳው ግን ሁለቱንም በአንድ ፊት ነው የሚያያቸው።

የራጋ አቀራረብ ደግሞ ይህን ያውቃል። አላፕ አለ፤ ምት የለውም፣ ከበሮ የለውም፣ ነፊው ድምፆቹን አንድ በአንድ እየነካ ቤቱን ያስተዋውቃል። ከዚያ ጆር ይመጣል፤ ልብ ትርታ ዓይነት ነገር ይጀምራል፣ ዑደት ግን ገና የለም። ከዚያ ጋት፤ አሁን ታላ (የምት ዑደት) ይገባል፣ ቁጥር ይገባል። በመጨረሻ ጃላ፤ ይፈጥናል። የጨዋታችንን አካሄድ እዩ። መጀመሪያ ሁሉም ግራ ገብቶት ቦታ ቦታውን ይነካካል፤ ከዚያ አንድ ነገር ይይዛል፤ ከዚያ ስሌት ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱ ምልክቶች ሲቀራረቡ ልብ ይመታል።

ለመካከለኛው ክፍል ታላ ልጠቁም። ቲንታል 16 ምት ነው፣ አራት በአራት፤ ያማረ ነው፣ ግን እንደ ጀርባ ሙዚቃ ከቆየ ያስተኛል። ሩፓክን እመርጣለሁ፤ ሰባት ምት፣ 3 እና 2 እና 2። ለምን? ካርማ የሚባለውን የጨዋታውን ሕግ አስታውሱ፤ ካርማ ከፍለህ ዳይሱን ወደ ተቃራኒ ፊቱ ትገለብጠዋለህ። የዳይስ ተቃራኒ ፊቶች ደግሞ ሁልጊዜ ድምራቸው ሰባት ነው። ሦስቱ አራት ይሆናል፣ ሁለቱ አምስት፣ አንዱ ስድስት። ሙዚቃው ሰባት እየቆጠረ እጅህ ሰባት ሲገለብጥ ማንም ሳይነግርህ የሆነ ነገር ይገጥማል። ሌላው ውበቱ ሩፓክ የሚጀምረው ባዶ በሚሉት ምት መሆኑ ነው። የዑደቱን መጀመሪያ ሰም ይሉታል (ከእኛ ሰምና ወርቅ ጋር ዝምድና የለውም፣ ግን ስሰማው ደስ ይለኛል)፤ በሌሎቹ ታላዎች ሰሙ ከባድ ነው፣ በሩፓክ ባዶ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ወደፊት ያዘነብላል፣ አይቀመጥም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሳጥኑ ላይ ከ45 እስከ 75 ደቂቃ ይላል። አራት ሰው ከሆናችሁ የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ አይታወቅም። የአንድ ሰዓት አንድ ወጥ ቅጂ አትሥሩ። አራት ክፍል ሥሩ፣ እያንዳንዱ ተመልሶ ራሱ ላይ የሚገጥም ይሁን፣ መቀየሩን አንድ ሰው ይያዘው። ጃላው የሚገባው የማንም ሰው ይሁን፣ የሁለቱ ምልክቶች ርቀት አሥር ሲቀረው ነው።

ታሪክ_ፈላጊ

ይህ ግን ጨዋታውን አይቀይረውም? ጃላው ሲጀምር አንድ ሰው ሊያሸንፍ መሆኑን ለሁሉም መንገር ነው። ዘንግቶ የነበረው ይነቃል።

ገበጣ_ወዳድ

ምልክቶቹ ሁሉም ሰው ፊት ናቸው፤ የተሰወረ ነገር የለም። ዘንግቶ ስላላየ መሸነፍ ደግሞ ማንንም አያስደስትም። አንተው አይደለህ፣ የሰገነቱ ነፊዎች ለከተማው ሰዓት ይናገሩ ነበር ያልከን? ያንኑ ሥራ ይሥሩ።

ታሪክ_ፈላጊ

በዚህስ ረታኸኝ።

ቀይ_ግመል

እኛ ባልና ሚስት ነን፤ ሁለት ስለሆንን ጃይፑር የሚባለውን ጨዋታ ነው የምንጫወተው። በካርታ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ ሦስት ዙር ሳይሞላም ሊያልቅ ይችላል፤ ሁለት ማኅተም የወሰደ አሸነፈ። ለእንዲህ ዓይነቱ አላፕ አያስፈልግም። ኬሄርዋ የሚባለው ታላ፣ ስምንት ምት፣ ትራምፔትና ቱባ ብቻ። የጃይፑር ካዋን ባንድ ዝቅ አድርገን ከፍተንም ሠርቶልናል፣ ምክንያቱም ሁለት ሰው ብዙ አያወራም።

ዝምታ_ይሻላል

ሁላችሁንም በአክብሮት አነበብኩ፤ ግን ለእኔ ጨዋታ ሐሳብ ነው። ሐሳብ ላይ ሙዚቃ መጨመር ለሰው ማክበርም አይመስለኝም። አባቶቻችን ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ማን ነፋላቸው?

ጡረተኛው_ነፊ

ልጄ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም እንዳነሣህ ደስ ብሎኛል። ሰንጠረዥ ራሱ ከህንድ ነው የመጣው። እነሱ ቻቱራንጋ አሉት፣ ፋርሶችና ዓረቦች ሻትራንጅ አሉት፣ እኛ ጋ ሲደርስ ሰንጠረዥ ሆነ።

ዝም ተብሎም አልነበረም የሚጫወቱት። አያቴ ያዩትን ሲነግሩኝ፣ ዙሪያውን የተቀመጠው ሰው ሁሉ ይመክራል፣ ይሟገታል፣ አንዱ ጠጠር ሲነሣ ይጮኻል። ደግሞ አንድ ነገር ነበረው፣ በሌላ አገር ቼዝ የሌለ። መጀመሪያው ወረራ ይባላል። በወረራ ተራ የለም! ሁለቱም የፈለጉትን ያህል፣ በፈለጉት ፍጥነት ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ ሌላውን እያየ ያሰለፈውን ያፈርሳል፣ እንደገና ያሰልፋል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ብቻ ነው ተራ የሚጀምረው።

ገበጣ ወዳድ ስለ አላፕ የጻፈውን ሳነብ ወዲያው የመጣብኝ ይህ ነው። ምት የሌለው መጀመሪያ፤ ከዚያ አንድ ነገር ይሆናል፣ ምት ይገባል። ወረራ አላፕ ነው። መጀመሪያ ጠጠር የተበላበት ከበሮው የገባበት ነው። ስለዚህ ሦስት ዳይስ፣ ከአላፕ ወደ ጋት የምትሻገሩበትን ሰዓት በደቂቃ አትለኩት። በጨዋታው ውስጥ የመጀመሪያው ሕንፃ ሲቀመጥ፣ ወይም የምትስማሙበት አንድ ነገር ሲሆን ተሻገሩ።

የማርሽ ባንዱም እንዲሁ ነው ያደረገው እኮ። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም አርባ የአርመን ልጆች ከነመሪያቸው ሲያመጡ የመጣው የፈረንጅ ብራስ ነው። የእኛ ነፊዎች በዚያው ናስ ትዝታና ባቲ ነፉበት። ህንዶቹም ከእንግሊዝ ጦር የወሰዱትን ለሙሽራ አደረጉት። ናስ ያፈሰስክበትን ነው የሚመስለው።

ዝምታ_ይሻላል

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ወረራን አላውቀውም ነበር። አንድ ቀን ሞክሬ እነግራችኋለሁ።

ሦስት_ዳይስ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ልጆቹ ቀዱት፤ ትናንት ማታ ተጫወትንበት።

ያማን መረጡ፣ ሳውን ሲ ቤሞል ላይ። የቀዱት በአንድ ጋራዥ ውስጥ ነው፣ በግድግዳው ብርድ ልብስ ሰቅለው። ከበሮ አልጨመሩም፤ የሩፓክን ሰባት ምት ቱባው ራሱ በአጭር አጭር ድምፅ ይዞታል፣ በዚያን ጊዜ ሳውን ሆርኑ ይቀበለዋል። ጋሼ፣ ትንፋሹ የተሳካው በሦስተኛው ልምምድ ነው። ሁለተኛው ላይ ቱባውና ሆርኑ አብረው ተንፍሰው ሁላችንም እንዳሉት ወለሉ ሲጠፋ ሰማነው።

አላፑን የከፈትነው ሰሌዳው ሲዘረጋ ነው። ሙዚቃ የተከፈተ እንኳ አልመሰላቸውም፤ አንዷ «ጎረቤት ነው?» አለች። ሁለት ትራምፔቶች ሚዩት አድርገው አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሳል። የተስማማነው የመጀመሪያው ሰው ጀልባው ከወንዙ ግማሽ ሲያልፍ ወደ ጋት እንድንሻገር ነበር። ሆኖም ማንም ጀልባውን አልነካም፤ ሁሉም ገበያ ላይ ተጠመደ፣ አላፑ 25 ደቂቃ ቆየ። ማንም ቅር አላለውም፣ ግን ሁለተኛ ጊዜ ጋሼ እንዳሉት የመጀመሪያውን ሕንፃ እናደርገዋለን።

ሩፓኩ እንደገባ ንግግሩ ቀነሰ። ስለ ሰባቱ ለማንም አልነገርኩም ነበር። አንዱ ጓደኛችን ካርማ ከፍሎ ዳይሱን ሲገለብጥ ከምቱ ጋር ገጠመለት፤ ቀና ብሎ ስፒከሩን አየው፣ ከዚያ ሁለተኛውንም ምቱን ጠብቆ ገለበጠው።

ጃላው ላይ ግን ችግር ነበር። ሁለት ሰዎች እኩል ቀረቡ፣ ጃላውን ከፈትን፣ ከዚያ ጨዋታው ሌላ ሦስት ዙር ቆየ። ያ ፍጥነት ያን ያህል ሲቆይ ያደክማል፤ ትራምፔቱም ከጆሯችን በላይ ሆነ። ርቀቱን ከአሥር ወደ አምስት ልናወርደው ነው፣ ጃላውም ያለ ሁለተኛው ትራምፔት እንደገና ይቀዳል።

ባይራቪውን ትሮምቦኑ ብቻውን ነፋው፣ ከሥሩ ቱባው ሳ ይዞለት። ሦስት ደቂቃ ናት። ነጥቡን ቆጥረን ጨርሰን እንኳ ማንም ሳንቲሙን ወደ ሳጥኑ አልመለሰም፤ እስኪያልቅ ተቀመጥን። ከዚያ ከላይ ጎረቤታችን፣ የኬራላ ሰው ናቸው፣ በሩን አንኳኩተው «ማነው ባይራቪ የሚነፋው?» አሉን። ሦስተኛ ቡና አብረውን ጠጡ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ አምስተኛ ወንበር እየፈለግሁ ነው፤ ጨዋታው ለአራት ሰው ስለሆነ እኔ መቀየሩን እይዛለሁ።

ጡረተኛው_ነፊ

ተባረኩ። ትሮምቦን የነፋውን ልጅ ኖታውን እንዲልክልኝ ጠይቅልኝ። መሣሪያዬ ሳጥን ውስጥ ከገባ ቆይቷል፤ ስላይዱን ዘይት አድርጌ እጠብቃለሁ።